የሥራ መሣሪያችንን በቤታችን መጠገን

ገበሬ ያለ መሣሪያው እጁ እንደታሰረ ሰው ነው። በሬዎቹ ደልበው፣ ዘሩ በጎታ ሞልቶ፣ ዝናቡም በጊዜው ጥሎ ሳለ ምራን ቢበጠስ ወይም ማረሻ ዶልዱሞ ቢገኝ የዕለቱ እርሻ ይቀራል። በጎንደር ደጋ፣ በወገራና በዳባት፣ በደባርቅና በጃን አሞራ፣ በሰኔ ወር አንድ ቀን መፍታት ምን እንደሚያስከትል እኛ ለገበሬ እንንገር ብንል ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል።

ታዲያ መሣሪያ ለምንድን ነው ሁልጊዜ በሥራ ሰዓት የሚሰበረው? ምሥጢር የለውም። ጥግ ተጥሎ ምስጥ የበላው ድግር፣ አይጥ የቆረጠመው ጠፍር፣ ዝገት የያዘው ማጭድ ጉዳቱ የሚታወቀው ሥራ ሲጀመር ነው። ተሰቅሎ ሲከርም ማንም ልብ አይለውም። ስለዚህ መሣሪያን የመፈተሻው ጊዜ ሰኔ አይደለም። አውድማው ተጠርጎ፣ እህሉ ገብቶ፣ ሰውም በሬም ትንፋሽ ሲያገኝ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ለዚህ ሥራ ብቻ ቢሰጥ ብዙ ነገር ይድናል።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ገበሬ በቤቱ፣ በጓሮው፣ በገዛ እጁ ሊጠግን የሚችለው የትኛውን ነው? ሁለተኛው፣ በቤት የማይጠገነውን፣ እሳትና መዶሻ የሚፈልገውን ብረት የሚሠራልን ማን ነው? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በጎንደር አካባቢ ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩ የሚያኮራም የሚያሳፍርም ነው።

እንጨቱ

ከመሣሪያችን አብዛኛው እንጨት ነው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩ፣ እርፉ፣ የዶማውና የመጥረቢያው ዛቢያ ሁሉ እንጨት ነው። እንጨት ደግሞ ገበሬው ራሱ ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ አቃንቶ የሚያበጀው ስለሆነ ለመጠገኑ ማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ስሕተት ይታያል። ዛቢያ ሲሰበር ወዲያው እርጥብ እንጨት ይቆረጥና ይገባል። እርጥብ እንጨት ለመጥረብ ይመቻል። ዳሩ ግን ሳምንት ሳይሞላው መጥረቢያው ወዲያና ወዲህ ማለት፣ ከዚያም መውለቅ ይጀምራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በሕይወት ያለ ዛፍ በውስጡ ብዙ ውኃ አለው። ከተቆረጠ በኋላ ውኃው ሲወጣ እንጨቱ ይኮማተራል። የሚኮማተረው ግን በርዝመቱ አይደለም፤ በርዝመቱ የሚያጥረው ከቁጥር አይገባም። የሚኮማተረው በውፍረቱ ነው። እርጥቡን ጥብቅ ብሎ የገባ ዛቢያ ሲደርቅ ይቀጥናል። የመጥረቢያው ቀዳዳ ግን ብረት ነውና አብሮት አይጠብም። መሐል ላይ ክፍተት ይፈጠራል።

መጥረቢያው ሲላላ ብዙ ሰው ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ለጊዜው ይጠብቃል፤ እውነት ነው። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ነገር ግን ዙሪያውን ብረቱ ስለያዘው የሚያብጥበት ቦታ የለውም፤ እርስ በርሱ ይጨፈለቃል። በማግሥቱ ሲደርቅ ከፊተኛው የባሰ ይቀጥናል። በነከሩት ቁጥር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። የላላ መጥረቢያ ደግሞ የሥራ መጓተት ብቻ አይደለም። ወልቆ ሲወረወር አጠገብ የቆመ ልጅ ሊገድል ይችላል።

መፍትሔው አስቀድሞ ማሰብ ነው። ለዛቢያ የሚሆን እንጨት በበጋ ተቆርጦ ጥላ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከቤት ጣራ ሥር፣ ጥቂት ወራት ይክረም። ፀሐይ ላይ የተጣለ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ውጭው ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። ከዛፎቻችን ወይራና ክትክታ ለዛቢያ የተመሰገኑ ናቸው። ባሕር ዛፍ በየደጁ ስላለ ሁሉም ይጠቀምበታል፤ ለሞፈርም ይሆናል። ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ስለሚያበዛ ግን ሁለት ሦስት ቆርጦ አድርቆ ደኅናውን መምረጥ ይሻላል። ጉጥ ያለበትን እንጨት ለዛቢያ አንወስድም፤ ሲሰበር የሚሰበረው ጉጡ ላይ ነው። የእንጨቱ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ይህን ለማወቅ ጥሩው ዘዴ በመጋዝ ከመቁረጥ ይልቅ መፍለጥ ነው። ሲፈለጥ እንጨቱ ራሱ ክሩን ተከትሎ ይሄዳል።

ዛቢያው ከገባ በኋላ ሽብልቅ ያስፈልገዋል። ከመግባቱ በፊት ጫፉ ላይ በመጋዝ አንድ ስንጥቅ ይከፈታል። ገብቶ ጫፉ በወዲያ በኩል ብቅ ሲል ደረቅና ጠንካራ ሽብልቅ ስንጥቁ ውስጥ ይመታል። ያን ጊዜ እንጨቱ ወደ ጎንና ጎን ተከፍቶ ብረቱን ይይዛል። በሽብልቅ ፈንታ ትልቅ ምስማር የሚመቱ አሉ። ምስማር እንጨቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይከፍተውም።

ቀንበር ሌላ ነገር ይፈልጋል። በሬው አንገት ላይ የሚያርፈው ቦታ ሻካራ ከሆነ ወይም ከተሰነጠቀ ቆዳውን ይልጠዋል፤ የተላጠ አንገት ያለው በሬ ደግሞ ቀንበር ሲያይ ይሸሻል። በሬው ሰነፈ እየተባለ የሚገረፈው ብዙ ጊዜ ቀንበሩ ጥፋት ኖሮበት ነው። እጃችንን በቀንበሩ ሥር ሰደን ብንዳስሰው ወዲያው እናውቀዋለን። ሻካራውን በስባሪ ጠርሙስ መፋቅ ይበቃል። የተሰበረ ማነቆ ደግሞ በሌላ ይተካል እንጂ በገመድ አይታሰርም።

ስለ ጠፍርና ስለ ምራን ጥቂት እንበል። ዝናብ የመታው ጠፍር እሳት ዳር አይሰጣም፤ ይደርቅና እንደ ቅርፊት ይሰበራል። ጥላ ላይ ደርቆ ሞራ ቢቀባ ዕድሜው ይረዝማል። ሌሊት ሜዳ ላይ የተተወ ምራን የጅብና የውሻ ራት ነው። ሞፈር ከተሰነጠቀ ደግሞ ጥሬ ጠፍር እርጥቡን ዙሪያውን ጠበቅ አድርጎ ጠምጥሞ መተው ነው። ቆዳውም እንደ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እዚህ ላይ ግን መኮማተሩ ለእኛ ይሠራል፤ ስንጥቁን እንደ ብረት ቀለበት ያጠብቀዋል። ጠፍር ከሌለ የአሮጌ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ የሚባለው፣ በቀጭኑ ተቆርጦና ተወጥሮ ቢጠመጠም ይይዛል። ውጥረቱ ላይ ነው ጉልበቱ።

ብረቱ

የብረት ነገር ከእንጨት ይረቃል። ለዓይን ሁሉም ብረት አንድ ይመስላል፤ ግን አንድ አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከብረቱ ጋር ከተቀላቀለ ካርቦን ከሚባል ነገር ነው። ካርቦን የከሰል ዋና አካል ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው። ለቤት ሥራ በሲሚንቶ ውስጥ የሚገባው ፌሮ በአንድ ኩንታል ብረት ውስጥ ያለው ካርቦን ሩብ ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። የመኪና ባሌስትራ ግን በአንድ ኩንታል ውስጥ ከግማሽ ኪሎ በላይ አለው። ያች ሩብ ኪሎ ልዩነት ናት አንዱን ማረሻ አንድ ክረምት የምታቆየው፣ ሌላውን በጥቂት ሳምንት የምታዶለዱመው።

ካርቦኑ በቂ የሆነ ብረት እንደ ፍም እስኪቀላ ድረስ፣ ወደ 800 ዲግሪ ግድም፣ ግሎ ወዲያው ውኃ ውስጥ ሲገባ እጅግ ይጠነክራል። ካርቦን ያነሰው ብረት ቢግልም ቢነከርም ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ነገር ግን ሙቀቱን በአንድ ጊዜ ያጣው ጠንካራ ብረት እንደ ጠርሙስ ይሆናል፤ ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል። ስለዚህ አዋቂ ቀጥቃጭ ብረቱን ከነከረ በኋላ እንደገና በቀስታ ያሞቀዋል። ጠራርጎት ቀለሙን ይጠብቃል። መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይመጣል፤ ይህ ወደ 230 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። የሚቆርጥ ስለት ገለባ ቀለም ላይ ይቆማል፤ መታጠፍና መመታት የሚችል ብረት ግን ሰማያዊው ድረስ ይሄዳል። ቀጥቃጩ ይህን ሁሉ የሚያውቀው በዲግሪ መለኪያ አይደለም፤ በዓይኑ ነው።

ይህን ካወቅን አንድ በየቤቱ የሚደረግ ጥፋት ይገባናል። የመጥረቢያ ዛቢያ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር ብዙ ሰው መጥረቢያውን እንዳለ ምድጃ ውስጥ ይጥለዋል። እንጨቱ ተቃጥሎ ይወጣል፤ ቀላል ዘዴ ይመስላል። ነገር ግን ከእንጨቱ ጋር የስለቱ ጥንካሬም አብሮ ይሄዳል። ምድጃ ብረትን ከ300 ዲግሪ በላይ ያግላል፤ ብረቱም በቀስታ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ «ይህ መጥረቢያ ድሮ ስለቱ ይቆይ ነበር፣ ምን ነካው?» ይባላል። የነካው እሳት ነው። የተሰበረ ዛቢያ የሚወጣው በመሮና በመዶሻ ነው። ካልወጣም በመሰርሰሪያ ሁለት ሦስት ቦታ በስቶ ማላላት ይቻላል። የግድ እሳት ካስፈለገ ስለቱ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ይቀበርና ቀዳዳው ብቻ እሳት ያግኘው።

በከተማ በሞተር የሚሽከረከር መሳያም ያንኑ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል። ብረቱ በፍጥነት ሲፈጭ ይግላል። ስለቱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካየን ያች ቦታ ለስልሳለች። ስለዚህ የሚስለውን ሰው ቶሎ ቶሎ ውኃ እንዲነክር መንገር ነው። በቤት በድንጋይ ሲሳልም ውኃ ጠብ የሚደረገው ለማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ የብረቱ ትቢያ የድንጋዩን ፊት እንዳይደፍነው ነው።

ሞረድ የያዘ ሰው ይህን ልብ ይበል። የሞረድ ጥርስ የሚቆርጠው ወደ ፊት ሲሄድ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ስንጎትት ካላነሣነው ጥርሱ ይሰበራል፤ አዲስ ሞረድ በጥቂት ቀን የሚያልቀው በዚህ ነው። ጥርስ ያለውን ማጭድ ስንስል ጥርሱ የተቀረጸበትን ፊት አንነካውም፤ የሚሳለው ለስላሳው ፊት ነው። የመጥረቢያ ስለት ደግሞ እንደ ካራ አይሳሳም፤ ከሳሳ ጠንካራ እንጨት ሲመታ ይሸረፋል።

ሞረድ ለሌላም ይጠቅማል። ገበያ ላይ ማረሻ ወይም መጥረቢያ ስንገዛ የሞረዱን ጥግ ስለቱ ላይ ቀስ አድርገን እንግፋው። ሞረዱ ከነከሰና ብረቱን ከጫረ ብረቱ ለስላሳ ነው። ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው። ሻጩ ይቆጣ ይሆናል፤ በሥራው የሚተማመን ግን አይቆጣም።

አሁን ወደ ማረሻው እንምጣ። በደምቢያ ዋልካ ላይ የሚያርስና በደባርቅ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚያርስ ማረሻ ዕድሜያቸው እኩል አይደለም። ድንጋይና አሸዋ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ጫፉ ሲያጥርና ሲደነብስ ማረሻው መሬቱን መውጋት ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። ገበሬው እርፉን ይጫናል፤ በሬዎቹ ይለፋሉ፤ እርሻው ግን ጥልቀት የለውም። ማረሻ ወደ ቀጥቃጭ መሄድ ያለበት ጫፉ ገና ብረት ሳለው ነው። ያን ጊዜ ቀጥቃጩ አግሎ፣ ደብድቦ፣ ስቦ ያሾለዋል፤ ብዙም ዋጋ አያስከፍልም። ማረሻው እስከ አንገቱ ካለቀ በኋላ ግን የሚሳብ ብረት የለም። ሌላ ብረት መግጠም ያስፈልጋል፤ ዋጋውም እንደ አዲስ ይሆናል። ወደ ከተማ ወስዶ በኤሌክትሪክ ማስበየድ የሚቀናቸው አሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን ባሌስትራ ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ እንደ ጠርሙስ ይሆናል። ማረሻው እዚያው ጠርዝ ላይ ይሰበራል። በያጁ አስቀድሞ ብረቱን እንዲያሞቅ፣ ከተበየደም በኋላ በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ማድረግ ያሻል።

ቀጥቃጩ

ወናፍ፣ መስፍ፣ መዶሻና ጉጠት ይዞ ማረሻችንን የሚያድስልን ሰው ማን ነው? በጎንደርና በሰሜን አካባቢ ለብዙ መቶ ዓመታት ይህን ሥራ ከሠሩት መካከል ዋነኞቹ ቤተ እስራኤል ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ፈላሻ ይሏቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ይህን ስም አይወዱትም። በ15ኛው መቶ ዓመት በአጼ ይስሐቅ ዘመን ክርስትናን ያልተቀበለ ርስት እንዳይኖረው ተወስኖባቸው መሬታቸውን እንዳጡ ይተረካል። መሬት ያጣ ሰው በእጁ መኖር አለበት። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ከተማዋ ስትገነባ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል።

ታዲያ ምስጋናቸው ምን ሆነ? ቡዳ ተባሉ። ቀን ሰው ሌት ጅብ ናቸው ተባለ። ልጅ ሲታመም በዓይኑ በላው ተባለ። ማረሻውን ያሠራ ሰው ዕቃውን ተቀብሎ ሲሄድ ከቀጥቃጩ ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም ነበር። ይህ በቤተ እስራኤል ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ብረት የነካ፣ ቆዳ የፋቀ፣ ሸማ የሠራ ሁሉ ስድብ ቀምሷል። ጠይብ የሚለው ቃል ራሱ ጠቢብ ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። ጥበብ የሚያውቅ ሰው ማለት ነበር፤ እኛ ስድብ አደረግነው። የሰው ዓይን ልጅ አያሳምምም። የታመመ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል እንጂ በቀጥቃጩ አይሳበብም።

ነገሥታቱ ይህን ሳያዩት አልቀሩም። የቋራው አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ ሰፈር አቋቁመው፣ ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያንንና የአገር ባለሙያዎችን በአንድነት አሠርተዋል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው፤ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደርሶ ዛሬም እዚያው አለ። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን አዋጅ አልሰማም። መሬቱን በተመለከተ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሁሉም አራሽ መሬት እንዲያገኝ ሲያደርግ ለእጅ ሠራተኛውም በር ከፍቷል።

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። በ1977 ዓ.ም. በረሃብና በጦርነት ጊዜ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጥተው ከዚያ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድ የሞቱትም ብዙ ናቸው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። ዛሬ በወለቃ መንገድ ዳር ለሚያልፈው እንግዳ የሸክላ ምስል እየሠሩ የሚሸጡት በአካባቢው የሚኖሩ ሌሎች ሴቶች ናቸው። ሸክላው ተተኪ አገኘ ማለት ነው።

ወናፉስ? ቀጥቃጭ የሄደበት መንደር ገበሬ ማረሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ራቅ ወዳለ ገበያ መሄዱ አይቀርም። ልጁን «ሂድና ይህን ሙያ ተማር» ለማለት ደግሞ የቆየው ስድብ አፉን ይይዘዋል። እኛ ግን እንላለን፤ ብየዳና ብረታ ብረት ዛሬ በቴክኒክና ሙያ ተቋም በማስረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው። በከተማ «በያጅ ነኝ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ወጣት በገጠር ያንኑ እሳት ይዞ ቢቀመጥ የሚሰደብበት ምክንያት ምንድን ነው? ጎሚስታ፣ ባሌስትራ፣ ፌሮ፣ ፒንሳ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። በባዕድ ስም ሲጠራ የተከበረ ሥራ በአማርኛ ሲጠራ መናቁ አያስገርምም?

ሌላው የቤት ዕቃ

በቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ በአጭሩ እንለፈው። በኩራዝና በፋኖስ ውስጥ የሚገባው ነጭ ጋዝ ብቻ ነው። ቤንዚን ወይም ቤንዚን የተቀላቀለበት ጋዝ ከገባ ይፈነዳል፤ ቤተሰብ ይጨርሳል። ጋዝ የሚሞላውም መብራቱ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በፀሐይ የሚሞላ መብራት ያለው ሰው ፀሐይ የሚቀበለውን ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረገው። አቧራ የሸፈነው ሰሌዳ የተጨፈነ ዓይን ነው። ለብዙ ቀን የማንከፍተው ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋዩ ይውጣለት፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወጥቶ ብረቱን ይበላዋልና። የዛገውን መገናኛ በአሸዋ ወረቀት ፈቅፈቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ «ሞተ» የተባለውን ሬዲዮ ያስነሣዋል።

የተሰነጠቀ የውኃ ጄሪካን ከሌላ ጄሪካን በተቆረጠ ቁራጭ፣ በጋለ ካራ አቅልጦ መድፈን ይቻላል። ነገር ግን ሦስት ነገር በቤት አይነካም። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ቢጠገንም ለውኃም ለእህልም አይሆንም፤ መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል። ቤንዚን የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም እሳት ወይም ብየዳ አይቀርበውም፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከፈሳሹ ይልቅ ይፈነዳል። የመኪና ባትሪም ተሰብሮ እርሳሱ በምድጃ አይቀልጥም፤ ጭሱ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ለቤት ጥገና ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ መጋዝ፣ መሮ፣ መሰርሰሪያና ጥቂት ሽቦ ይበቃሉ። አንድ ሰው ሁሉንም መግዛት ካቃተው ለአጨዳ ወንፈል እንደሚገባው ለዚህም መግባት ይቻላል። አንዱ ሞረድ፣ አንዱ መጋዝ ይግዛ። ሞረድ ዘይት ወይም ቅባት አይንካው፤ መጋዝ ግን ቅባት ይቀባ። ከዝናብ ወራት በፊት የሚሰቀል ብረት ሁሉ ሞራ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቢቀባ ዝገት አይደፍረውም።

ማንበብና መጻፍ የቻለ ገበሬ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አለው። ማረሻው አዲስ ሳለ በስንዝርና በጣት ይለካና ይጻፋል። በየወሩ ሲለካ ስንት እንዳለቀ ይታወቃል፤ መቼ ወደ ቀጥቃጭ መሄድ እንዳለበትም ሰኔ ሳይደርስ ይታያል። ለማን ምን እንደተከፈለ፣ ሞረዱን ማን እንደተዋሰ በልብ ከመያዝ በጽሑፍ መያዝ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ከልጆች ደብተር የተረፈች አንዲት ገጽ ትበቃለች። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

ጥር 15፦ ማረሻ ተለካ። 2 ስንዝር ከ1 ጣት። አዲስ ሳለ 2 ስንዝር ከ4 ጣት ነበር።

የካቲት 3፦ ማረሻ ተመታ። ቀጥቃጩ ሒሳቡን ተቀብሏል፤ ዕዳ የለብኝም።

መጋቢት 10፦ የቀኙ በሬ ቀንበር ተፋቀ። አንድ ማነቆ ተተካ።

ሚያዝያ 20፦ ለዛቢያ የሚሆን 2 የወይራ ቅርንጫፍ ጣራ ሥር ገባ። ጥቅምት ላይ ይታያል።